«ይሄ መድኃኒት ለእኛ አይሆንም» የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

«ይሄ ክኒን ለነጭ የተሠራ ነው፣ ከእኛ ደም ጋር አይስማማም።» ስለ ዘር፣ ባህልና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከሚወራው ውስጥ እውነት ያለበት አለ። ችግሩ ከእውነቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚወራው ነው።

«መድኃኒት ለሁሉም ሰው አንድ ነው»

ክኒኑ አንድ ነው፣ ጉበቱ ግን ይለያያል። ብዙ የድብርትና የሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያራርቅ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒቶችን የሚሰባብር ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ደርቦ ይወለዳል። እሱ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት ሲውጥ፣ መድኃኒቱ በቅጡ ሳይሠራ ከሰውነቱ ተጠራርጎ ይወጣል። ሐኪሙ «በደንብ እየወሰድክ ነው?» ይለዋል። ሰውዬው ግን አንድም ቀን አላሳለፈም! እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ይህ የተደራረበ ጂን ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ላይ ተገኝቷል። በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው።

«እንግዲያው ለኢትዮጵያዊ መጠኑ ይጨመር»

ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። 29 በመቶው አላቸው ማለት 71 በመቶው የላቸውም ማለት ነው። በዚያው ሕዝብ ውስጥ ኢንዛይሙ የሚዘገይበት ሰውም አለ፤ ለእሱ ተራው መጠን ራሱ ሊበዛበት ይችላል። ደግሞ ጂን ብቻውን አይወስንም። ስዊድን የሚኖሩና ኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲነጻጸሩ፣ ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ እንኳ ኢትዮጵያ ባሉት ላይ ኢንዛይሙ ዘገም ብሎ ተገኝቷል። የኑሮ አካባቢም እጁ አለበት ማለት ነው። ሲጋራን ለምሳሌ እንይ፦ ክሎዛፒን የሚባለውን የከባድ ሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድ አጫሽ ድንገት ማጨስ ቢያቆም፣ ያው ክኒን በደሙ ውስጥ ይበዛበታል።

«ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ካለ ክሎዛፒን ክልክል ነው»

ክሎዛፒን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚቀንስ የደም ምርመራ ይደረጋል። ነገር ግን ብዙ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ፍጹም ጤነኛ ሆነው ቁጥሩ በተፈጥሮ ዝቅ ይልባቸዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 መድኃኒቱን ለመጀመር የሚያስፈልገውን የኒውትሮፊል (አንድ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ለሌላው ሰው 1,500፣ ለእነዚህ ሰዎች ግን 1,000 አደረገው። እንደኔ በጣም የዘገየ ውሳኔ ነው።

«ታካሚን ስለ ዘሩ መጠየቅ ነውር ነው»

አንዳንዴ አለመጠየቁ ነው የሚጎዳው። ካርባማዜፒን የሚባለው የሚጥል በሽታና የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት አንድ የተወሰነ ጂን ባላቸው ሰዎች ላይ ቆዳን የሚልጥ፣ ሊገድል የሚችል አለርጂ ያስነሳል። ጂኑ በሃን ቻይናውያንና በታይላንዳውያን ዘንድ በብዛት ስለሚገኝ፣ ለእነሱ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይመከራል።

«ባህል ከክኒን ጋር ምን አገናኘው?»

የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የአፍ መድረቁና ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከች ይላል። «መድኃኒት ወዲያው ያድናል» ብሎ ያደገ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መርዝ ነው» ብሎ በአምስተኛው ቀን ያስጥለዋል። በዚያ ቤት መድኃኒቱ «አልሠራም» ተብሎ ይቀራል፤ ጉበትም ጂንም የሉበትም።