«ለምን ተውኸኝ?» ማለት ኃጢአት ነው?

ልጇን የቀበረች እናት «ጌታዬ፣ ምን በደልሁህ? ለምን ተውኸኝ?» ብላ ትጮኻለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ቶሎ ብላ «ተይ እታለም፣ እንዲህ አይባልም! ፈጣሪ ይቆጣል» ትላታለች። ጎጃም ውስጥ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ፣ ጦርነቱ ስንቱን ቤት ካራቆተ በኋላ። የሚገሥጹት በቅንነት ነው። ግን ልክ አይመስለኝም።

እስኪ ዳዊታችንን እንግለጥ። መዝሙሩ ለየዕለቱ ተከፍሏል፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው። 12ኛው ላይ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። 21ኛው ደግሞ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ይጀምራል። ጌታችን በመስቀል ላይ የጮኸው ይህንኑ ነው። መለኮት ከሥጋው ተለይቶ አይደለም፤ የእኛን ጩኸት የራሱ አድርጎ ነው እንጂ። እንግዲህ ዳዊት ደጋሚው በየሳምንቱ ሰኞ የሚለውን ያቺ እናት ብትለው ምን ነውር አለው?

የሐሙሱ 87ኛ መዝሙር ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄ ግን ወዳጅ ርቆ፣ ጨለማ ከብቦ እንዲሁ ያልቃል። አባቶቻችን «ተስፋ ያስቆርጣል» ብለው አልዘለሉትም። ሰውየው እኮ ጀርባውን አልሰጠም። ቀንም ሌሊትም የሚጮኸው ወደዚያው ወደ አምላኩ ነው። እግዚአብሔርን ማማትና ፊቱ ቆሞ መሟገት ለየቅል ናቸው።

ኢዮብስ ቢሆን? የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ወዳጆቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ለቅሶኞች ነበሩ! አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሸው። «ሳትበድል አልቀረህም» እያሉ አደረቁት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። እንዲያውም ይጸልይላቸው ዘንድ ወደዚያው ወደ ኢዮብ ሰደዳቸው።

ጸሎት ከአፍህ አልወጣ ያለህ ወንድሜ፣ ያቺን የሰኞዋን አንድ መስመር ብቻ በል። እሷም ካቃተችህ ዳዊት ለሚደግም ሰው «ለእኔም ድገምልኝ» በለው። ለቅሶ የምትደርሱ ደግሞ ውሃውን ቅዱ፣ ከብቱን አስገቡ፣ ቡናውን አፍሉ። «የእግዜር ፈቃድ ነው» የምትለዋን ለጊዜው አቆዩአት።