የንግድ ቤት ስም አወጣጥ በአዲስ አበባ ዳርቻዎች

ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት የተገነቡባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ናቸው። ነዋሪያቸው በአብዛኛው ቤት በዕጣ ደርሶት ከየሰፈሩ ተሰባስቦ የገባ ነው፤ ሕንፃዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የውስጥ መንገዶቹም ሰው አፍ ላይ የገባ ስም የላቸውም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሱቅ ስም አድራሻ ይሆናል። እንግዳ የጠራ ሰው በስልክ አቅጣጫ የሚያሳየው በዳቦ ቤቱ ወይም በመድኃኒት ቤቱ ስም ነው፤ የታክሲ ተሳፋሪም «ወራጅ አለ» የሚለው እሱ ጋ ሲደርስ ነው። በከተማዋ ምሥራቅ ያለው ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው በዚያ ቤቶች ከሠራው የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሰሚት አካባቢ ደግሞ «ፍየል ቤት» የፌርማታ መጠሪያ ሆኗል። በዳርቻው ሱቅ የሚከፍት ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ለሰፈሩ ስም እያወጣ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ባለሱቅ ስም ሲፈልግ መጀመሪያ ወደ ቤተሰቡ ይመለከታል። የበኩር ልጅ ስም በጣም የተለመደ ነው። ልጆቹ ሁለት ሦስት ከሆኑ ከየስማቸው ፊደል እየተወሰደ አዲስ ስም ይበጃል፤ ለምሳሌ ከናሆም፣ ከሊዲያና ከያብስራ «ናሊያ» ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ስም ልጆቹን አያበላልጥም፤ በሌላ ሰው ቀድሞ የመመዝገቡ ዕድልም አነስተኛ ነው።

ሌላው ትልቅ ምንጭ እምነት ነው። ኤልሻዳይ፣ አማኑኤልና ቤተልሔም፣ በረካ፣ ነጃሺና ቢላል በየሰፈሩ ይገኛሉ። በሥጋ ቤት ግን ነገሩ ከምርጫ ያልፋል። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ስለሚበላ፣ ታፔላው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ይሳላል፤ ስሙም ከምልክቱ ጋር መስማማት አለበት። በቆየ ሰፈር ባለቤቱ ስለሚታወቅ ይህ ብዙ አያሳስብም። በአዲስ ሰፈር ግን ገዢው የሚያውቀው ታፔላውን ብቻ ነው። «ሰላም»ን የመሰለ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ስም የመረጠ ሥጋ ቤት ምልክቱን ጎላ አድርጎ ማሳል ይኖርበታል፤ አለዚያ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ማን እንዳረደ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል፤ መጠየቁ የሚከብደውም ወደ ሚቀጥለው ቤት ያልፋል።

በምግብ ሸቀጥ የአገር ስም ይሠራል። ቅቤ ሻጩ «ሸኖ»፣ ጤፍ ነጋዴው «አዳ» ወይም «ጎጃም» ሲል ለሸቀጡ ምስክር እየጠራ ነው። ከዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ሴቶች በሚከፍቷቸው የልብስ መደብሮችና የውበት ሳሎኖች ደግሞ «ዱባይ» ወይም «ቤሩት» የሚል ስም ይታያል። ገንዘቡ የተለፋበትን ከተማ ስም ሱቅ ላይ መስቀል ተገቢ ክብር ይመስለኛል።

በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ስም ለብቻው የሚታይ ነው። «ኤርሚያስ፣ ትዕግሥትና ጓደኞቻቸው የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ኅብረት ሽርክና ማኅበር» ዓይነቱ ረጅም አሰያየም መነሻው ሕግ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ስም ቢያንስ የሁለት ሸሪኮችን ስም እንዲይዝ፣ የማኅበሩ ዓይነትም ከስሙ ቀጥሎ እንዲጻፍ ያዝዝ ነበር። ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም ልማዱ ሥር ሰድዷል። ስሙ ለማኅተምና ለጨረታ ሰነድ ይሆናል፤ በር ለማሠራት የመጣ ደንበኛ ግን አይዘውም። ስማቸው የተጠቀሰው ሁለቱ ከማኅበሩ የወጡ እንደሆነም ችግር ይፈጥራል። እንዲህ የተደራጁ ወጣቶች ከመጀመሪያው አጭር የንግድ ስም ቢያወጡ ይበጃቸዋል።

ምዝገባው የሚመራው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም የሚያሳስት ስም አይመዘገብም፤ ከመንግሥት ተቋም ስም ጋር የሚምታታ ወይም ለሥነ ምግባር ተቃራኒ የሆነም እንዲሁ። «በረከት» ወይም «ተስፋ» ብቻውን ይዞ የሄደ ሰው «ተይዟል» የሚል መልስ ሊያገኝ ስለሚችል ሁለት ሦስት አማራጭ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚስቱት ነገር ደግሞ አለ፦ የንግድ ስም ማስመዝገብ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ማለት አይደለም። በርበሬ ወይም ሽሮ አሽጎ በራሱ ስም የሚሸጥ ሰው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምልክቱን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይኖርበታል። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ሊታደስም ይችላል።

የተመዘገበው ስም ሁሉ አይጠራም። ታፔላው የውጭ አገር ስም የያዘ እንደሆነ ሰፈርተኛው «አረንጓዴው ሱቅ» ወይም «የእማማ ሱቅ» ብሎ የራሱን ያወጣል። በቴሌብር ሲከፈል ስልኩ ላይ የሚወጣው ስም የባለቤቱ ከሆነ፣ የሱቁን ስም ብቻ የሚያውቅ ደንበኛ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት «እገሌ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሱቁንና የባለቤቱን ስም ግድግዳ ላይ አንድ ላይ መለጠፍ ይህን ያስቀራል። ሦስት መደርደሪያ ላላት ቤት «ሱፐር ማርኬት» የሚለውም መጠሪያ አይመከርም፤ የጠበቀውን ያላገኘ ገዢ ቅር ይለዋል።

ስም የማያስፈልጋቸውም አሉ። ጎሚስታ አሮጌ ጎማ መንገድ ዳር ያቆማል፤ ጠላ ሻጭ እንጨት ላይ ጣሳ ትደፋለች። ሁሉም ይገባዋል።

የዳርቻው ነጋዴ አብዛኛው ተከራይ ነው። ኪራይ ሲጨመር ወይም ቤቱ ሲፈለግ የለመደውን በር ትቶ ይወጣል፤ አብሮት የሚሄደው ስሙ ነው። ስለዚህ «ብሎክ» ወይም «አደባባይ» የሚል ቃል ስሙ ውስጥ ያስገባ ሰው ሲዛወር ይቸገራል። በሌላ በኩል ንግዱን ለሌላ የሚሸጥ ሰው ስሙንም አብሮ ሊሸጥ ይችላል፤ በንግድ ሕጉ የንግድ ስም ከንግድ መደብር ግዙፍነት ከሌላቸው፣ ማለትም በእጅ ከማይዳሰሱ ንብረቶች አንዱ ነውና። የልጁን ስም የሰጠ ባለሱቅ ይህን ቀድሞ ማሰብና ሲሸጥ ስሙን ይጨምር እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት።