እርዳታ ማስተባበሪያ፦ የኢትዮጵያ የአደጋ ዝግጁነት ተቋም ከ1966 እስካሁን

ዛሬ በህግ ያለው ስሙ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው፣ ግን እድሜው ገፋ ላለ ሰው ይሄን ስም ብትነግረው ግራ ነው ሚገባው፣ እርዳታ ማስተባበሪያ ስትለው ወዲያው ይገባዋል። ስራው ድርቅ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ መፈናቀል የመሳሰለው ሲመጣ ቀድሞ ማወቅ፣ እህል አከማችቶ መጠበቅ፣ ሲብስ ደሞ ማድረስ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ተቋም ሆኖ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈለት ነገር ትንሽ ነው፣ ስለዚ እዚህ ያለውን ለመሰብሰብ ተሞክሯል።

አመሰራረቱ ከወሎ ረሃብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1965 ወሎ ላይ ሰው እያለቀ መንግስት ነገሩን አፍኖ ይዞት ነበር፣ መጀመሪያ ያወጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፣ ሄደው አይተው ያነሱትን ፎቶ ይዘው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ከዛ ጥቅምት 8 ቀን 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሰራው ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፣ ይሄው ዘገባ ተቆራርጦ ንጉሡ ሊወርዱ በዋዜማው ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። የሞተው ሰው ቁጥር ላይ ስምምነት የለም፣ 40 ሺህ የሚልም አለ 200 ሺህ የሚልም አለ። ተቋሙ የተመሰረተው በዛው በ1966 ነው፣ ማለትም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ደርግ የፈጠረው ሳይሆን ንጉሡ ዙፋን ላይ እያሉ። ሙሉ ስሙ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፣ ባጭሩ ዕማማኮ።

ተቋሙን ከሌላው ለየት የሚያደርገው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ስራው ነው፣ በ1968 ወይ 69 (እ.ኤ.አ. 1976) ነው የጀመረው፣ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሰራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የወረዳው ባለሙያ ዝናብ መቼ ገባ፣ በልግ ወይስ መኸር ተዘራ፣ ሳሩ ውሃው እንዴት ነው እያለ ይመዘግባል፣ ግን ዋናው ነገር ገበያ ላይ ነው ያለው። ባለሙያው የእህሉን ዋጋ ብቻ አያይም፣ አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል የሚለውን ነው የሚያሰላው። የፍየሉ ዋጋ እየወረደ የበቆሎው እየወጣ ከሄደ እዛ ሰፈር ጭንቅ ገብቷል ማለት ነው። አርሶ አደሩ የሚያርስበትን በሬ ገበያ ሲያወጣ ደሞ ነገሩ አልቋል፣ ምክንያቱም በሬውን የሸጠ ሰው የሚቀጥለውን ዓመትም አብሮ ሸጧል። አሁን አሁን ወረዳዎች ሆትስፖት (ችግር የበረታበት) ተብለው በ3 ደረጃ ይመደባሉ፣ አንደኛ ቅድሚያ የተሰጠው በጣም የባሰበት ነው።

ይሄ ስርዓት የተፈተነው በ1977 ነው፣ በደንብ የተጻፈለትም ዘመን ይሄ ነው። መጋቢት 1976 ላይ ኮሚሽነሩ ሻለቃ ዳዊት ወልደጊዮርጊስ ለጋሾችን ሰብስበው ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አደጋ ላይ ነው አሏቸው። የሚያስፈልገው እህል 900 ሺህ ቶን አካባቢ ነበር፣ የተጠየቀው ግን 450 ሺህ ብቻ፣ ከዛ በላይ ቢመጣ ባለው ወደብና መኪና ማመላለስ አይቻልም ተብሎ። ከተባበሩት መንግስታት የመጣው አጥኚ ቡድን ደሞ በማጓጓዝ አቅም ሰበብ እሱንም ወደ 125 ሺህ ቶን አወረደው። ማለትም ማስጠንቀቂያው ደርሷል፣ በወሩም በቁጥሩም ተነግሯል፣ የተዘገየው ከዛ በኋላ ነው። ለጋሾቹ ቁጥሩ ተጋኗል አሉ፣ ለደርግ እህል ሰጥቶ ማጠናከርም አልፈለጉም፣ ደርግ ራሱ መስከረም ላይ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር፣ ሰሜኑ ላይ ጦርነት አለ። ጥፋቱ የማን ይበልጣል የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል፣ ኮሚሽኑ ግን የራሱን ድርሻ በጊዜው ሰርቷል፣ ይሄ ሊካድ አይገባም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው ዓለም የተነሳው። ከዛ የመጣው ደሞ በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል የማይታሰብ ነገር ነበር፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላን፣ መኪና የማይገባበት ተራራ ላይ እህል ይጥላል፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ደሞ ቀድመው ሄደው መጣያ ቦታውን ያመቻቹለታል፣ የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላንም በሌላ በኩል እህልና ሰው ያመላልሳል። የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። በዚሁ ሰሞን 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ ሰፍሯል፣ ብዙው ተገዶ ነው የሚል ክስ አለ፣ ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ርዕስ ነው።

ሌላው የዛ ዘመን ስራ የመጠባበቂያ እህል ነው፣ መጠባበቂያውን የሚያስተዳድረው ተቋም በ1974 ወይ 75 (እ.ኤ.አ. 1982) ነው የቆመው። ብዙ ሰው መጋዘን ብቻ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን እንደ እህል ባንክ ነው። ስንዴው ገና መርከብ ላይ እያለ እርዳታ ሰጪው ድርጅት ከመጋዘኑ ይበደራል፣ ለተራበው ያከፋፍላል፣ የራሱ እህል ወደብ ሲገባ መልሶ ይተካል። በ1977 የታየውን የወራት መዘግየት የሚያሳጥረው ይሄ ነው፣ ተበዳሪው በጊዜው እስከመለሰ ድረስ።

ከደርግ በኋላ በ1986 አዲስ ፖሊሲ ወጣ፣ መስራት የሚችል ሰው እህሉን በነጻ ሳይሆን ሰርቶ ይውሰድ የሚል። ኮሚሽኑም በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ፣ ቀጥሎ ኤጀንሲ ሆነ፣ ቀጥሎ ግብርና ሚኒስቴር ስር ገባ፣ በ2008 እንደገና ኮሚሽን፣ በ2014 የዛሬውን ስም ያዘ። እንኳን ለውጭ ሰው ማህተም ለሚቀርጸውም ያደክማል።

ከነዚህ ሁሉ ትልቁ ለውጥ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም ነው። በ1997 ሲጀመር የተነሳበት ሃሳብ፣ በየዓመቱ ምግብ የሚጎድለውን ቤተሰብ በየዓመቱ እንደ አዲስ አደጋ ተራበ እያሉ ልመና ከመውጣት ቀድሞ መዝግቦ ክፍተት ባለበት 6 ወር ብር ወይ እህል መስጠት ነው። ጉልበት ያለው እርከን ይሰራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ያወጣል፣ አቅመ ደካማው ደሞ ሳይሰራ ያገኛል። በ2008 በኤልኒኖ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲያስፈልገው የ1977 ዓይነት እልቂት ያልተደገመበት አንዱ ምክንያት ይሄ እንደሆነ ይነገራል፣ መንግስትም በዛ ዓመት ከራሱ ካዝና ብዙ አውጥቷል።

ህዝቡ ራሱ ያለው ዝግጁነት ብዙ አልተጻፈለትም። እድር አለ፣ ደቦ አለ፣ አፋር ጋ ደሞ ዳጉ አለ፣ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ የት ዘነበ፣ የት ሳር አለ፣ የትኛው ከብት ታመመ የሚለውን ሳይለዋወጥ አያልፍም፣ የሰማም ለሚቀጥለው ማስተላለፍ ግዴታው ነው።

ድንገተኛ አደጋ ላይ ግን ተቋሙ ገና ነው፣ አመሰራረቱም ለድርቅ ስለሆነ። ድርቅ ወራት ይሰጥሃል፣ ጎርፍ አይሰጥም። በ1998 ክረምት ድሬዳዋን ሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ዝናቡ የዘነበው ከላይ ደጋው ላይ ነበር፣ ከተማው ተኝቶ እያለ ውሃው መጣ፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ደሞ መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶች ዋጠ፣ ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ የተቀበሩትን ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ቆፋሪዎቹን ቀበራቸው፣ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡት ናቸው። ማሽን ወደዛ ቁልቁለት መግባት ስላልቻለ ፍለጋው ለቀናት በአካፋና በእጅ ነበር የቀጠለው።