የሊዝ ዘመን ሲያበቃ

በኢትዮጵያ ከተሞች ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው፤ የመሬቱ ግን አይደለም። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ መሬት ወደ ግል ባለቤትነት አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ «ቦታ ገዛሁ» ሲባል በሕግ ዓይን የተገኘው የመጠቀም መብት ነው።

የዚህ መብት ዕድሜ የሚወሰነው በሊዝ፣ ማለትም ቦታን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ በሚሰጥ ውል ነው። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀመረ፤ በ1994 በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። በዚህ በ2004ቱ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። በአዲስ አበባ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ሲሆን ለከተማ ግብርና 15 ብቻ ነው። የጨረታ አሸናፊ ከሊዝ ዋጋው ቢያንስ አንድ አስረኛውን ቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በየዓመቱ ይከፍላል። ከሊዝ በፊት የተገኘ ነባር ይዞታም ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖ አይዘልቅም፤ ቤቱ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል።

ዘመኑ ሲያልቅስ? ብዙ ሰው «ያን ጊዜ ይታደሳል» ብሎ ያልፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መዘናጋት ነው፤ ውሉ በራሱ አይታደስምና። ባለይዞታው ዘመኑ ከማብቃቱ ከ10 ዓመት እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ለተራው ዜጋ ትልቅ ከለላ የሆነ ድንጋጌ ነው። ዕድሳቱ ግን በድሮው ዋጋ አይደለም። በጊዜው ባለው የሊዝ መነሻ ዋጋ ነው። ባለይዞታው በዋጋው ካልተስማማ፣ ወይም የከተማው ፕላን ተለውጦ ቦታው ለሌላ ልማት ከተፈለገ ዕድሳት የለም።

ያልታደሰ ሊዝ ካሳ አያስገኝም። ባለይዞታው ንብረቱን አንስቶ ቦታውን ያስረክባል፤ በተሰጠው ጊዜ ካላነሣ አስተዳደሩ ቦታውን በላዩ ካለው ንብረት ጋር ያለ ክፍያ መረከብ ይችላል። ይህን ዘመኑ ሳያልቅ ለሕዝብ ጥቅም ከሚደረግ ማስለቀቅ ጋር ማደባለቅ አይገባም፤ በዚያ ጊዜ ለንብረቱ ካሳ ይከፈላል።

በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመ የ60 ዓመት የንግድ ሊዝ በ2065 ያበቃል። ማመልከቻው የሚቀርበው ከ2055 እስከ 2063 ነው። በዚያው ዓመት የተፈረመ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ደግሞ እስከ 2104 ይዘልቃል። ማመልከቻውን የሚጽፈው የፈራሚው የልጅ ልጅ ነው፤ ውሉን ከሰነዶቹ መካከል ካገኘው።