«ብርድ ነው»፣ «ምች ነው» ለምትሉኝ

ነርስ ነኝ። የመገጣጠሚያ ሕመምና ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆዳን፣ አንጓንና ኩላሊትን ጭምር የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባቸውን ሰዎች ስከታተል ዓመታት አልፈዋል። ታካሚዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ያበጡ ጣቶቿን ስትዘረጋልኝ፣ አብሯት የመጣው ዘመድ ቀድሞ ይመልሳል፦ «ሲስተር፣ ብርድ ነው እኮ!» ፊቷ የቀላ ከሆነ ደግሞ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አድርገንላታል» ይሉኛል። በእነዚህ ሁለት ቃላት ስንት ዓመት እንደሚባክን ስለማይ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ከብርዱ ልጀምር። ሩማቶይድ አርትራይተስን ብርድ አያመጣውም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ቀስ በቀስም አጥንቱን ይበላል። ቅዝቃዜ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ክረምት ላይ ስለበረታባችሁ ግን ክረምቱ አመጣው ማለት አይደለም። ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ የሚኖርም ሰው ይታመማል።

ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ጠዋት ስትነሱ ጣቶቻችሁ እስኪፍታቱ ምን ያህል ይቆያሉ? በዕድሜና በሥራ ብዛት ያረጀ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይላቀቃል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በዚያ ላይ የሁለቱም እጆች ትንንሽ አንጓዎች ካበጡና ይህ ከስድስት ሳምንት ካለፈ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነገ ዛሬ አትበሉ። አጥንቱ መበላት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው።

እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አልረሳትም። ጣቶቿ ሲያብጡ ብርድ ነው ተባለች። ዋግምት ታገመች። ቪክስ ተቀባች። በመጨረሻ ወጌሻ ዘንድ ወሰዷት፤ ወለምታ ነው ብሎ አሸው፣ ጎተተው። እኛ ጋ የመጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። መድኃኒቱ እብጠቱንም ሕመሙንም አበረደላት። ወደ ጎን የተጣመሙትን ጣቶች ግን አላቃናቸውም። ሊጥ በክንዷ ነው የምታቦካው። ወጌሻ ለወለምታ ያውቅ ይሆናል። ያበጠና የሚያቃጥል አንጓ ግን አይታሽም፣ አይጎተትም።

«ሪህ ስለሆነ ሥጋ ተዪ» የሚሉም አሉ። ሪህ ሌላ ነው። በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት የሚጀምረው ነው። ለእሱ ሥጋና ቢራ መቀነስ ይጠቅማል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከዩሪክ አሲድ ጋር አይገናኝም። ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን የደም ማነስ አለባቸው፤ እነሱን ሥጋ መከልከል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ምች። ሉፐስ ያለባት ልጅ ፀሐይ ላይ ትውላለች። ፊቷ ላይ ከአፍንጫዋ ተነስቶ ሁለቱን ጉንጮቿን የሚይዝ፣ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ቅላት ይወጣል። ያተኩሳታል። አፏ ይቆስላል። እናቶቻችን ይህን አይተው ምች ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ይመሳሰላል። በፀሐይዋም አልተሳሳቱም፣ ፀሐይ ሉፐስን በእርግጥ ትቀሰቅሳለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምች በጥቂት ቀን ያልፋል። ይህኛው ይመላለሳል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ አንጓ ያሳብጣል፣ ድምፁን አጥፍቶም ኩላሊት ይገባል። ኩላሊት ሲነካ መጀመሪያ ላይ አያምም። ሽንት አረፋ ይይዛል፣ ጠዋት ፊት ያብጣል፣ ጫማ ይጠባል። በየቀጠሮው ሽንት ስጡ የምንላችሁ ለዚህ ነው። «ኩላሊቴን አላመመኝም» ብላችሁ ላቦራቶሪውን አትዝለሉ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ብርቱ ነው፣ ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ሉፐስ ያለባት ሰው ጃንጥላ፣ ረጅም እጅጌና የመከላከል ቁጥሩ (SPF) ቢያንስ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋታል። ነጠላ መከናነብ አይበቃም፤ ስስ ነው።

«የወባ መድኃኒት ነው የሰጡኝ፣ ተሳስተዋል።» አልተሳሳትንም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዛሬ የሉፐስ ሕክምና ምሰሶ ነው። ለውጡ እስኪታይ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ታገሡት፤ ለዓመታት ስለሚወሰድም ዓይናችሁን በየጊዜው አስመርምሩ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን «ሲሻለኝ አቆምኩት» የሚለው ነው፤ በተለይ እብጠትን በሚያበርደው የስቴሮይድ ኪኒን፣ ፕሬድኒሶሎን ላይ። ሰውነታችን ይህን የመሰለ ንጥረ ነገር ከኩላሊት በላይ ባሉት ዕጢዎች ራሱ ያመርታል። ኪኒኑን ለሳምንታት ስትወስዱ ዕጢዎቹ ሥራ ያቆማሉ። በድንገት ካቋረጣችሁት ሰውነታችሁ ባዶውን ይቀራል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ፊቴ ተነፋ፣ ጓደኞቼ አላወቁኝም» ብላ በራሷ አቆመችው። ከቀናት በኋላ እያስመለሳት፣ የደም ግፊቷ ወርዶ፣ ሁለት ሰው ደግፏት መጣች። ተርፋለች። ፊቱ የሚነፋው ከመድኃኒቱ መሆኑ እውነት ነው፤ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ሲቀንስ ይመለሳል። ጾም ነው ብላችሁም የጠዋቱን አትዝለሉ፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ጸበል የምትሄዱም ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ለመወፈር ብላችሁ ከመድኃኒት ቤት የምትገዙት እናንተ ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉት።

የሩማቶይድ አርትራይተስ መድኃኒት የሆነው ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው አፉ በሙሉ ቆስሎ፣ የደም ሴሎቹ ወርደው አይቻለሁ። ቀኑን ካርቶኑ ላይ ጻፉት፦ «ረቡዕ»።

«አታንቀሳቅሷት፣ ትረፍ።» ይህ ከፍቅር የሚመጣ ስህተት ነው። ልጆች እናታቸውን እንዲመቻት ከጉልበቷ ሥር ትራስ ያደርጉላታል። ሌሊቱን ሁሉ፣ ወር ሙሉ። ከዚያ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀርና መቆም ያቅታታል። ትራሱን አውጡት። ሲያገረሽባት አንጓው ይረፍ፤ ያን ጊዜም ቢሆን በቀን አንድ ሁለቴ በቀስታ ይታጠፍ፣ ይዘርጋ። ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንከር። አንጓው ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ቀዝቃዛ ጨርቅ ይሻላል። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩላት። ጀበናውን በሁለት እጇ ታንሳ፣ ዘንቢሉን በጣቷ ሳይሆን በክንዷ ትያዝ። የልብሷን ቁልፍ ራሷ ትቆልፍ፣ ብትዘገይም ጠብቋት።

የሽማግሌ በሽታ ነው? አይደለም፤ ሕፃናትንም ይይዛል። ሉፐስ ካለባቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ።

ይተላለፋል? አይተላለፍም። አብራችሁ ብሉ።

ሉፐስ ያለባት አትወልድም? ትወልዳለች። በሽታው ቢያንስ ስድስት ወር ጸጥ ብሎ፣ ከሐኪም ጋር ታቅዶ ይሁን። ሜቶትሬክሴት ቀድሞ መቆም አለበት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም ይቀጥላል።

ሲያማችሁ ሁልጊዜ ዲክሎፌናክ መርፌ የምትወጉም፣ ጨጓራችሁንና ኩላሊታችሁን እየጎዳችሁ ነው። ሉፐስ ላለባት ደግሞ አደጋው ይብሳል።

የመጨረሻው ትኩሳት ነው። መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስድ ሰው ሙቀቷ 38 ከደረሰ «ያው በሽታዋ ነው» አትበሉ፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን አምጧት። ሌሊት ከሆነም ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዛችሁ።