«ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም»

ይህችን አባባል የምናወጣት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያስመርረን ነው። ሦስት ጊዜ ተበድሮ የካደ ዘመድ «አሁንስ ተለውጫለሁ» እያለ በር ሲያንኳኳ፣ እናት ከምድጃው ዞር ሳትል «ተወው ልጄ፣ ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም» ትላለች። ብሩም ከመቀነቷ አይወጣም።

ምንጩ ትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 ነው። ነቢዩ ሕዝቡን ሲገሥጽ፣ ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዥንጉርጉርነቱን መለወጥ ከቻለ ክፋት የለመዳችሁ እናንተም በጎ ትሠራላችሁ ይላል። ዕብራይስጡ የሚለው «ኩሻዊ» ነው። እኛ ስንኮራ ጥቅሱን ከነኢትዮጵያዊው እናነሣለን፤ ስንናደድ ነብሩን ብቻ። (ኤርምያስ ግን ማንንም እያሞገሰ አልነበረም።)

ስለዚህ አባባሉ ሁለት ፊት አለው፤ የማይለቅ አመልም፣ የማይጠፋ ማንነትም። ሁለተኛው የገባኝ በአሜሪካዊው ዘፋኝ በቦብ ዲላን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 ሚኒሶታ ሲወለድ ሮበርት ዚመርማን ነበር። ስሙን ቀየረ። በ1961 ኒው ዮርክ ገብቶ በጊታርና በሃርሞኒካ፣ የአንጋፋውን ዘፋኝ የዉዲ ጋትሪን ፈለግ ተከትሎ ሲያንጎራጉር የፎክ፣ የባላገሩ ዘፈን፣ ወዳጆች የእኛ ነው አሉ። ሐምሌ 1965 ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ የሮክ ኤንድ ሮሉን ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ፣ ባንድ አስከትሎ ወጣ። ጮኹበት። ድምፁ አልሰማ ብሏቸው ነው የሚሉም አሉ፤ በእንግሊዟ ከተማ በማንችስተሩ ግን ጥርጥር የለም። ግንቦት 1966 አንዱ ከአዳራሹ ውስጥ «ይሁዳ!» አለው፤ ጌታውን የሸጠው ማለቱ ነው። ዲላን «አላምንህም፤ ውሸታም ነህ» ብሎ መለሰለትና ባንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲለቀው አዘዘ።

ከዚያ በኋላም አላረፈም። በ1969 ድምፁን ሳይቀር አለስልሶ በካንትሪ ሙዚቃ መጣ፤ በ1979 በመንፈሳዊ ዘፈን፤ በ2016 ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለመ።

ታዲያ የዚህ ነብር ዥንጉርጉር የትኛው ነው? የኒውፖርት ሰዎች ቆዳውን የቀየረ መስሏቸው ነበር። እኔ የምለው፣ ከላይ የተደረበው የፎኩ ጊታር ነው። ልጁ ባደገባት በሂቢንግ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የሮክ ኤንድ ሮል ባንድ ነበረው። በ1959 የምረቃ መጽሔት ላይ፣ ከፎቶው አጠገብ የወደፊት ሐሳቡ ተጽፏል፦ የሮክ ኤንድ ሮሉን ዘፋኝ «ሊትል ሪቻርድን መቀላቀል»።