ስለ ቀበና ወንዝ ልክ ያልሆኑ ወሬዎች

ልጆች፣ ቀበና ከእንጦጦ ተነስቶ በአዲስ አበባ መሃል የሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ነው። ስለ ወንዝ ሲወራ ከምትሰሙት ሁሉም ልክ አይደለም።

«ወንዝ ማለት ገደሉ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ነው»

ወንዙ ከዚያ በጣም ይሰፋል። ቀበና አካባቢ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ በአሸንዳ ይወርዳል፣ የግቢውን ቦይ ይከተላል፣ መንገድ ዳር ያለው ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ መጨረሻው ቀበና ነው። ውሃው ወደ ቀበና የሚወርድ መሬት በሙሉ፣ ዳገቱም ጣሪያውም የትምህርት ቤቱ ሜዳም፣ የቀበና ተፋሰስ ይባላል።

ራሳችሁ ሞክሩት። ጠንከር ያለ ወረቀት ጨምድዱና በከፊል ብቻ ዘርጉት። ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች በውሃ በሚለቅ ቀለም ቀቡና ውሃ እርጩበት። ቀለሙ ከየጉብታው ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። አንድ ጉብታ ላይ ያረፈው ውሃ እንኳ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ይሄዳል።

እንጦጦ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ከጋራው አናት በስተ ደቡብ የወረደ ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በስተ ሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ በሙገር በኩል አባይ ይገባል፤ መንገዱም በሱዳንና በግብፅ አድርጎ እስከ ሜዲትራኒያን ባህር ነው። ሁለቱ ጠብታዎች ሲያርፉ ጎን ለጎን ሊሆኑ ይችላሉ።

«ወንዝ ሁሉ ባህር ይገባል»

የቀበና ውሃ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ መውጫ የለውም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጨው ይቀራል።

«በጋ ላይ ውሃ ከየት ይመጣል? ዝናብ የለም እኮ!»

ክረምት ላይ መሬት የመጠጠችው ውሃ በምንጭ ቀስ እያለ ይወጣል። ከተማ ውስጥ ግን ከቤት የሚወጣ እጣቢም ይጨመርበታል።

«ወራጅ ውሃ ቆሻሻውን ይወስደዋል»

አዎ፣ ወደ ሌላ ሰው ይወስደዋል። አቃቂ አካባቢ በወንዙ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። ኩል ብሎ ቢታያችሁም አትጠጡት፤ ጀርም በዓይን አይታይም።

«ካልዘነበ ጎርፍ አይመጣም»

ይህኛው አደገኛ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ዶፍ ሊጥል ይችላል። አስፋልትና ሲሚንቶ ውሃ ስለማያሰርጉ ጎርፉ ቶሎ ይደርሳል፤ ደራሽ ውሃ የሚሉት እሱን ነው። ክረምት ላይ ኳሳችሁ ወንዝ ከገባ ተዉት። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ እንጨትና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ ወይም ከላይ በኩል ጉምጉምታ ከሰማችሁ ለመሻገር አትሞክሩ፤ ወዲያው ወደ ዳገቱ ሩጡ።